የሐበሻ ዶሮ ለሥጋ ማርባት ያዋጣል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሐዋሳ፣ ወደ ቱላ መውጫ ባለው ግቢዬ የሐበሻ ዶሮ ሳረባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለ ወጪውና ስለ ጣጣው ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣውን ጥያቄ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥ፦ እትዬ፣ 100 ጫጩት ገዝቼ በመኖ ባሳድግ ያዋጣኛል?

መ፦ በመኖ ብቻ ከሆነ ይቅርብህ። የፈረንጁ የሥጋ ዶሮ በ6 ወይም በ7 ሳምንት 2 ኪሎ ይሞላል፤ እስከዚያ ቢበላ 4 ኪሎ መኖ ነው። የእኛው አውራ ዶሮ 1 ኪሎ ተኩል ለመድረስ 6 ወር ይፈልጋል። በቀን በአማካይ 60 ግራም ቢበላ ወደ 11 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ለአንድ ዶሮ 11 ኪሎ! ግቢ ተለቆ ምስጥና ትል እየጫረ፣ የቤት ትራፊ እየለቀመ ካላደገ፣ በዓል ላይ ሸጠህ የመኖ ዕዳ ነው የምትከፍለው።

ጥ፦ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የዓሣ ትራፊ አምጥቼ ባበላቸውስ?

መ፦ ሞክሬዋለሁ። ርካሽ ነው፣ ያፋፋልም። ቀቅለሽ፣ በፀሐይ አድርቀሽ፣ ወቅጠሽ ከበቆሎና ከፉርሽካ ጋር ትንሽ ትንሽ ስጪ። እኔ አንድ ገና ላይ አብዝቼ አበላሁ። የዶሮ ወጡን ቅቤውም ኮረሪማውም አላዳነውም፤ ዓሣ ዓሣ አለ። አማቴ ምንም ሳይሉ እንቁላሉን ብቻ በልተው ተነሡ። ከመታረዱ 3 ሳምንት ቀድመሽ አቁሚ።

ጥ፦ ዶሮዎቼ አንገታቸው እየዞረ በጥቂት ቀን አለቁብኝ። ምን ይሆን?

መ፦ ፈንግል ሳይሆን አይቀርም፣ እናቴ። አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ ግን ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ውድም አይደለም። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አያድርም። እኛ አራት ጎረቤት ሆነን በአንድ ቀን እናስከትባለን። ከገበያ የገዙትንም ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ያቆዩት።

ጥ፦ ጭልፊት ጨረሰን!

መ፦ ሁለት ወር እስኪሞላቸው ሽቦ ውስጥ። ሌላ ዘዴ አላገኘሁም። ሸለምጥማጥ ይብሳል፤ ማታ ቆጥራችሁ ዝጉ።

ጥ፦ ለፋሲካ እንዲደርስልኝ መቼ ላስታቅፍ?

መ፦ ጳጉሜን ላይ። በ21 ቀን መስከረም 20 ገደማ ይፈለፈላል። ቀይና ገብስማ አውራ ገዢ አያጣም። በጣም ከቀደምክ ግን 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀን ያለ ገዢ ትቀልበዋለህ።