ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ጤና፦ ለጠየቃችሁን የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚወጣው የውኃ ተን ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገሮችና አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን የተቀላቀሉበት ነው፤ የጋለ ሽቦ ሲያተነው ተጠቃሚው ወደ ሳንባው የሚስበው እጅግ ደቃቅ የሆኑ ጠብታዎችን ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን የተባሉ ጎጂ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ፤ ከመሣሪያው የብረት ክፍሎችም ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ ወደ ተኑ ሊገቡ ይችላሉ። ጣዕም ሰጪዎቹ ለምግብ የተፈቀዱ መሆናቸው ማረጋገጫ ተደርጎ ሲቀርብ እሰማለሁ፤ ይሁን እንጂ ፈቃዱ ለሚበላ ነገር የተሰጠ ነው፣ ሳንባም እንደ ሆድ አይፈጭም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከሲጋራ አይሻልም?

መልስ፦ አጫሽ የሆነ ሰው ሲጋራን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደዚህ ቢዞር፣ ትንባሆ ሲቃጠል የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝና ታር የተባለ ተጣባቂ ዝቃጭ ስለሚቀርለት ለብዙ መርዞች ያለው ተጋላጭነት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህን መደበቅ አጫሾችን መበደል ነው። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚጠቀም ግን እምብዛም አያተርፍም፤ በቀን ጥቂት ሲጋራ እንኳ ልብንና የደም ሥሮችን ክፉኛ ይጎዳልና። አጭሶ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ንጽጽሩ ከሲጋራ ጋር ሳይሆን ከንጹሕ አየር ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ሲጋራ ለማቆም ይረዳኛል?

መልስ፦ ሊረዳዎት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የምክር ድጋፍ እየተደረገላቸው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተሰጣቸው አጫሾች 18 በመቶው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ አላጨሱም ነበር፤ የኒኮቲን ማስቲካ፣ ፕላስተርና የመሳሰሉት ከተሰጧቸው መካከል ግን ይህን ያደረጉት 9.9 በመቶው ናቸው። ሆኖም በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ካቆሙት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ በዓመቱም መሣሪያውን አልተዉትም ነበር። ስለዚህ ሲጀምሩ እርሱንም የሚተዉበትን ጊዜ ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚዎችን የገደለው ምን ነበር?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከሰተውና እስከ የካቲት 2020 ድረስ 68 ሰዎች የሞቱበት የሳንባ ጉዳት በዋናነት የተያያዘው ቲ.ኤች.ሲ. የተባለውን የካናቢስ ንጥረ ነገር በያዙ፣ ቫይታሚን ኢ አሲቴት በተጨመረባቸውና ብዙዎቹም ከሕጋዊ ገበያ ውጭ በተገኙ ፈሳሾች ነው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ «ሲጋራ አይደለም» እያለ ይጠቀማል። ምን ልበለው?

መልስ፦ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ይቆያል፤ በዚህ ዕድሜ የሚገባ ኒኮቲን ትኩረትንና ስሜትን የመቆጣጠር ችሎታን ሊያውክ ይችላል፣ ሱሱም ፈጥኖ ይይዛል። በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ያለው የኒኮቲን ጨው ጉሮሮን ስለማይከረክር፣ ልጁ ብዙ መጠን እየሳበ ለራሱ አይታወቀውም። ከቁጣ ይልቅ፣ ጠዋት እንደነቃ ይፈልገው እንደሆነና ሲያጣው ይነጫነጭ እንደሆነ በእርጋታ ይጠይቁት፤ መልሱ አዎ ከሆነ ሱስ ስለሆነ የጤና ባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ በእርግዝና ወቅትስ?

መልስ፦ ኒኮቲን ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ የአንጎሉንና የሳንባውን እድገትም ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሆነው የሚያጨሱ ከሆነ ማቆሚያውን ከሐኪም ጋር ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ፈሳሹን ቤት ማስቀመጥ ያሰጋል?

መልስ፦ ሕፃን ባለበት ቤት አዎን። ጥቂት መጠን እንኳ ቢውጥ ማስታወክ፣ መንቀጥቀጥና ሞት ሊያስከትል ይችላል። ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ሕፃኑ ከዋጠ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።