«ዲድ ዩ ዌንት» እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የእንግሊዝኛ ግስ ጥያቄ በዝቶብኛል። ፈተና ሲቃረብ ሁሌም እንዲሁ ነው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ሰላምታውና ምርቃቱ ግን ደርሶኛል።

መቁረጥ ለማለት «ካት» እንላለን፤ ኃላፊው ምንድን ነው?

«ካት»። ሦስተኛው መልኩም (ከ«ሃቭ» ጋር የሚመጣው) «ካት»። «ፑት» እና «ሂት»ም እንደዚያው ናቸው። ቀጣይ።

ከሆጤ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ መምህራችን የግስ ዓይነት ሦስት ነው ይላሉ፣ አጋዥ መጽሐፉ ስምንት ይላል። የቱን ልያዝ?

ቁጥሩ የሚለያየው በምን እንደከፈሉት ነው። መብላት የሚለውን «ኢት» ውሰድ። ዋናውን መልእክት ስለሚይዝ ሜይን ቨርብ ነው። ተሳቢ ስለሚቀበል ተሻጋሪ ነው። ኃላፊው «ኢትድ» ሳይሆን «ኤት» ስለሆነ ኢሬጉላር ነው። ድርጊት ስለሚናገር ደግሞ አክሽን ቨርብ ነው። አንድ ሰው ወሎዬም፣ ልብስ ሰፊም፣ የሦስት ልጆች አባትም መሆን ይችል የለ? ፈተናው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስንት ናቸው ብሎ አይጠይቅህም፤ ባዶው ቦታ ላይ የቱ ይገባል ነው የሚልህ።

ደሴ ፒያሳ ሁለት ጓደኛሞች በማኪያቶ ተወራርደዋል። አንደኛው እንግዳ አግኝቶ «ዲድ ዩ ዌንት ቱ ላሊበላ?» አለው። ሌላኛው ተሳስተሃል ይላል። ያለፈ ነገር አይደል እንዴ?

ማኪያቶውን ክፈል። ትክክሉ «ዲድ ዩ ጎ» ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ይቺ ነገር ሁሌም ታናድደኛለች። ክፍል ውስጥ ሄልፒንግ ቨርብ፣ ማለትም ረዳት ግስ፣ ሲባል ዝርዝር ይሰጠናል፦ «ቢ»፣ «ዱ»፣ «ሃቭ»፣ ከዚያ መቻልን፣ ፈቃድን፣ ግዴታን የመሳሰለውን የሚናገሩት ዘጠኙ ሞዳሎች፣ «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ሻል»፣ «ሹድ»፣ «ዊል»፣ «ዉድ»፣ «መስት»። ሸምድደን እንወጣለን። ግን እያንዳንዳቸው የሚከተላቸውን ግስ ምን እንደሚያደርጉት ማንም አይነግረንም፣ ሙሉ ጨዋታው ደግሞ እሱ ነው።

«ዱ» ጊዜውንም ባለቤቱንም ራሱ ይናገራል፤ ስለዚህ የሚከተለው ግስ ምንም ሳይጨመርበት ይቀራል፦ «ሺ ዳዝ ኖት ጎ»፣ «ዲድ ሺ ጎ»። ማለፉን «ዲድ» ከተናገረ «ዌንት» ምን ይሠራል? ሞዳሎቹም እንዲሁ ናቸው። «ሂ ካን ጎ» ይባላል እንጂ «ሂ ካን ጎዝ» ወይም «ሂ ካን ቱ ጎ» የለም። «ሃቭ» ግን ሦስተኛውን መልክ ነው የሚፈልገው፦ «አይ ሃቭ ጎን»። «ቢ» ሁለት ጸባይ አለው። «ዘ ጎት ኢዝ ኢቲንግ» ካልክ ፍየሏ እየበላች ነው፤ «ዘ ጎት ኢዝ ኢትን» ካልክ ፍየሏ ሳህን ላይ ናት።

ለተሸናፊው መጽናኛ፦ «ሁ ዌንት ቱ ላሊበላ?» ልክ ነው። ማን እንደሄደ፣ ማለትም ባለቤቱን ራሱን ስትጠይቅ «ዲድ» አያስፈልግም።

ከኮምቦልቻ፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቼ «አይ አም ኖዊንግ ኮምፒውተር» ስል ጠያቂዎቹ ተያዩ። ምን አጠፋሁ?

ማወቅ ሁኔታ ነው፣ «ኢንግ» አይወድም። «አይ ኖው ሃው ቱ ዩዝ ኤ ኮምፒውተር» በል። «ቢሊቭ»፣ «ኒድ» እና «ቢሎንግ»ም ይህን ጸባይ ይጋራሉ። «ሃቭ» ግን ያታልላል፦ መኪና ካለህ «አይ ሃቭ ኤ ካር»፣ ምሳ ላይ ከሆንክ «አይ አም ሃቪንግ ላንች»። አብሽር፣ በዚህ ብቻ ሰው ከሥራ አይቀርም።

አንዲት እናት ከቧንቧ ውሃ፦ ልጄ «ዎክድ»ን «ዎክ» ብሎ ነው የሚያነበው። አስጠኚ ልቅጠር? በአማርኛም ካልደጋገምኩለት አይሰማኝም፣ ቴሌቪዥኑንም በጣም ያስጮኸዋል።

እህቴ፣ የ«ኤድ»ን ነገር ለጊዜው ተዪው። «ዎክድ» ላይ «ት»፣ «ፕሌይድ» ላይ «ድ»፣ «ዎንቲድ» ላይ «ኢድ» ሆኖ ይሰማል፤ እንግሊዞቹም ሲቸኩሉ ይውጡታል። እኔን ያሳሰበኝ ቴሌቪዥኑ ነው። ገንዘቡን ለአስጠኚ ከማውጣትሽ በፊት ጆሮውን አስመርምሪው። ሰም ወይም ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ በቀላሉም ሊታከም ይችላል፣ ግን ይህን የሚያውቀው ሐኪም እንጂ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለም። ነገ ዛሬ አትበይ፣ በዚህ ሳምንት ውሰጂው።

አንድ ነጋዴ አባት፦ የእንግሊዝኛ ውል መጣልኝ፤ አንዱ ጋ «ሻል»፣ አንዱ ጋ «ሜይ» ይላል። ልዩነት አለው?

አለው እንጂ አባባ! ውል ላይ «ሻል» አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ ነው፣ «ሜይ» ደግሞ ፈቃድ። ዕቃ አቅራቢው «ሜይ ዴሊቨር» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ሳያመጣ ቢቀር እንዴት አድርገው ይከሱታል? ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት። የጠበቃው እንግሊዝኛ ካላስተማመነዎት ደግሞ ሁለታችሁም ወደኔ ኑ።