ክሪስታሉ አልመለስ ሲል

በብርሃን ቺፕዎ ላይ ያለው ቁስ በማሞቂያው የኤሌክትሪክ ምት (ለአጭር ጊዜ የሚለቀቅ ኃይል) ክሪስታል ከሆነ በኋላ ለምን ወደ ቀድሞ ሁኔታው አልመለስ እንዳለ ጠይቀዋል። ምክንያቱ የቮልቴጁ ማነስ አይደለም፤ ምቱ በጣም መርዘሙ ነው። በ10 ማይክሮሰከንድ ምት የጀርማኒየም፣ አንቲሞኒና ቴሉሪየም ውህድዎ ክሪስታል መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ወደ ቅርጽ አልባው (አተሞቹ በሥርዓት ወዳልተደረደሩበት) ሁኔታ ለመመለስ ግን ቁሱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ መቅለጥ፣ ከዚያም አተሞቹ ለመደርደር ፋታ ሳያገኙ መቀዝቀዝ አለበት። የመቀዝቀዙ ፍጥነት በሰከንድ ቢሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው! ረጅም ምት በዙሪያው ያለውን መስታወትና ሲሊከን ጭምር ያሞቃል። የቀለጠው ክፍል ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እንደገና ክሪስታል ይሆናል፤ ቮልቴጁን መጨመርም ይህንኑ ያባብሰዋል።

1. ምቱን ወደ ጥቂት መቶ ናኖሰከንድ ያሳጥሩ፤ ኃይሉን ከዚያ በኋላ በትንሽ በትንሹ ያሳድጉ።
2. የምቱን መውረጃ ጠርዝ (ምቱ ሲያበቃ ቮልቴጁ የሚወርድበትን ክፍል) በኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ በሚያሳየው መሣሪያ ይመልከቱ። ከምንጩ ሹል ሆኖ የወጣ ምት በሽቦውና በመገናኛው ምክንያት ማሞቂያው ጋ ሲደርስ ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ መለካት ያለበት እዚያው ነው።
3. አሁንም ካልተመለሰ የማሞቂያውን ስፋት ይቀንሱ።

ዓላማዎ የብርሃኑን ምዕራፍ ማዞር (የሞገዱን ከፍታና ዝቅታ ወደፊት ወይም ወደኋላ ፈቀቅ ማድረግ) ብቻ ከሆነ፣ በ1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ሌላው ተመሳሳይ ቁስ፣ አንቲሞኒ ሴሌናይድ፣ ብርሃን የሚመጠው እጅግ በጣም ጥቂት ስለሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁሱን ያለ መከላከያ ሽፋን አያቅልጡት። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎቼን ያጣሁት በዚህ ነው። በኦክስጅን ተበላሽተው፣ ጥቂቶቹም ተነው አለቁ። ቁሱ እንደተነጠፈ፣ አየር ላይ ሳይቆይ በስስ የሲሊከን ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይሸፍኑት።