መልስ፦ የጠመንጃ ማስታወቂያዎቹን ቆርጬ ላውጣ?

ወንድሜ፣ ማስታወቂያዎቹን ላውጣ ብለህ እባክህ መጽሔቱን መቀስ እንዳታስነካው! ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ያገኘኸው «ለ ሻሰር ፍራንሴ» ትልቅ ነገር ነው። ይህን የአደን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1885 የጀመረው ራሱ ጠመንጃ አምራቹ፣ በፈረንሳይ የሴንት ኤቲየን ከተማው ማኑፍራንስ ኩባንያ ነው። ማስታወቂያውም ወሬውም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ብትለያያቸው ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል። ወሩና ዓመቱ ያለው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ነው፤ ከቆረጥከው በኋላ ዘመኑን መለየት ጣጣ ነው።

ለማጋራት በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርገው። ከገጹ ጀርባ ጥቁር ወረቀት አድርግበት፣ የኋላው ጽሑፍ እንዳያሳልፍ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፍ፣ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻል። የድሬ ፀሐይም አይምርም፣ ከመስኮት አርቀው።

የ«ኢዴያል» ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ማስታወቂያ ካለበት ግን መጀመሪያ እሱን አሳየን፣ በጣም ነው የምወደው!