የካሮት ሾርባ ላይ የቅመም ሽሮፕ መቼ ይጨመር?

የጠየቁት ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ሽሮፑን ከካሮቱ ጋር አብረው ሲያበስሉት ሾርባው ጣፋጭ ምግብ መምሰሉና ከተፈጨ በኋላም ምላስ ላይ መሻከሩ። ይህን ሾርባ አዘውትሬ ስለምሠራ ከልምዴ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

የሚሻክረው ካሮቱ በሚገባ ሳይበስል ስለሚፈጭ ነው። 1 ኪሎ ካሮት በእኩል ውፍረት ከትፈው፣ ከአንድ ራስ ሽንኩርት ጋር በጥቂት ቅቤና በለዘብተኛ እሳት ድስቱን ከድነው ካቁላሉት በኋላ 1 ሊትር ውሃ ጨምረው ይቀቅሉት። ለመብላት ያህል መብሰሉ አይበቃም፤ በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ያለ ምንም ትግል መፍረስ አለበት። በዚህ ጊዜ ሎሚ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ አሲድ የአትክልቱን ሴሎች አያይዞ የሚያቆመው ፔክቲን ቶሎ እንዳይሟሟ ስለሚያደርግ ካሮቱ ረጅም ሰዓት ቢቀቀልም ጠንከር እንዳለ ይቆያል። ለማወፈር ብለው ድንች የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ድንች በብሌንደር ሲመታ ስታርቹ ስለሚወጣ ሾርባው እንደ ሙጫ ይዝለገለጋል። ትኩስ ሾርባ ሲፈጩ ደግሞ እባክዎ ብሌንደሩን ከግማሽ በላይ አይሙሉት፤ የታመቀው እንፋሎት ክዳኑን አስፈንጥሮ እጅና ፊት ሊያቃጥል ይችላል።

ለሽሮፑ 100 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሰንጠቅ የተደረጉ 3 የሄል ፍሬዎች፣ ጥቂት የዝንጅብል ቁራጮችና 2 ቅርንፉድ ይበቃሉ። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ያማስሉት፤ ከፈላ በኋላ ማማሰል ስኳሩ መልሶ እንዲረጋ ሊያደርገው ይችላል። ቅርንፉዱን ከሌሎቹ ቀድመው ያውጡት፤ ከቆየ የሌሎቹን ቅመሞች ጣዕም ይውጠዋል፣ ምሬትም ያመጣል። ሽሮፑ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ገና ቀጠን እንዳለ ከእሳት አውርደው ያጥሉት።

ዋናው ጥያቄዎ ሽሮፑ የሚጨመርበት ጊዜ ነው፤ እኔ ድስቱ ውስጥ ጨርሶ አልጨምረውም። ካሮት በራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ሽሮፑ አብሮት ሲበስል ቅመሙ ተለይቶ አይታወቅም፤ የሚቀረው ስኳሩ ብቻ ነው። አስቀድመው የተፈጨውን ሾርባ በጨውና በሎሚ ጭማቂ ያስተካክሉ፤ ያለ ሽሮፑም ቢሆን የሚበላ ምግብ ሲሆን በየሳህኑ ከቀዱት በኋላ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮፕ ሳያማስሉ ያንጠባጥቡ። ተመጋቢው በአንዱ ጉርሻ የካሮቱን፣ በሌላው የቀረፋውንና የዝንጅብሉን ጣዕም ያገኛል። ጣፋጭ የሚወድ ሰው ካለ ይጨምር ዘንድ የተረፈውን ሽሮፕ በትንሽ ዕቃ ለብቻው ያቅርቡ።