«ዲያቤቲስ» ሁሉ ስኳር አይደለም፦ ለሕክምና አስተርጓሚነት ለሚዘጋጁ ጠያቂ

ውድ ጠያቂያችን፣

በቨርጂኒያ በሕክምና አስተርጓሚነት ለመቀጠር እየተዘጋጁ እንደሆነ፣ ሆኖም በቃልዎ የያዟቸው የእንግሊዝኛ የሕመም ስሞች ሳምንት ሳይሞላቸው ስለሚጠፉብዎት ሙያውን ለመተው እያሰቡ መሆኑን ጽፈውልናል። እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ። ቃላቱ የሚጠፉብዎት እንደ ስልክ ቁጥር ስለሚያጠኗቸው ይመስለኛል።

በየቀኑ የሚገጥምዎትን «ዲያቤቲስ» እንመልከት። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን «አልፎ» እና «መሄድ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገኘ ነው፤ ውኃ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የሚወርድበትን ቧንቧም ይሰይማል። የጥንቱ ሐኪም አሬቴዎስ፣ በቅዱስ ባስልዮስ ታሪክ የምናውቃት የቀጰዶቅያ ሰው፣ በዚህ ሕመም የሰው ሥጋ ቀልጦ በሽንት እንደሚወርድ ጽፏል። ቃሉ ስለ ስኳር አንዳች አይናገርም። ስኳሩን ያመጣው በስኳር ሕመም ሙሉ ስም፣ በ«ዲያቤቲስ ሜሊተስ»፣ ውስጥ ያለው «ሜሊተስ» የሚለው የላቲን ቅጽል ነው፤ እንደ ማር የጣፈጠ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 የሊቨርፑሉ ሐኪም ማቲው ዶብሰን የታማሚን ሽንት አትንኖ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ ቢቀምሰው ከስኳር የማይለይ ሆኖ አገኘው።

ለሥራዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ዲያቤቲስ ኢንሲፒደስ»፣ ማለትም ጣዕም የለሹ፣ ሌላ ሕመም ነው፤ ታማሚው ክፉኛ ይጠማዋል፣ ሽንቱም ይበዛል፣ መንሥኤው ግን ስኳር ሳይሆን ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ቫዞፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ማነሱ ወይም ኩላሊት ትእዛዙን አለመቀበሉ ነው። አስተርጓሚው «ስኳር አለብዎት» ካለ፣ ይህ ሕመም ያለባቸው እናት ሻያቸውን ያለ ስኳር እየጠጡ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ምንነት ሳይረዱ ይቀራሉ። ሐኪሞችም ሁለቱን እያምታቱ ታማሚዎች ስለተጎዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ባለሙያዎች የዚህ ሕመም ስም እንዲለወጥ ሐሳብ አቅርበዋል።

ስለዚህ ደብተርዎን በፊደል ተራ ሳይሆን በሥረ ቃል ይክፈሉት። በ«ዲያ» ገጽ ላይ «ዲያሪያ»ን፣ ፈስሶ ማለፍን፣ «ዲያሊሲስ»ንም፣ ለይቶ ማውጣትን፣ ይጻፉ፤ በየቃሉ ትይዩ ደግሞ ሕመምተኛው በአፉ የሚለውን፣ «ተቅማጥ»ን እና «የኩላሊት እጥበት»ን ያስፍሩ። ግሪክኛው የእርስዎ መረዳጃ ነው፤ በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሚነገረው የቀኝ ዓምዱ ብቻ ነው። ለምስክር ወረቀት ፈተናው የሚጠየቀውን የ40 ሰዓት ሥልጠና ከመጀመርዎ በፊት እንዲህ ያሉ ሃያ ገጾች ቢሞሉ፣ መምህሩ አዲስ ቃል በጠራ ቁጥር ግማሹን አስቀድመው ያውቁታል።