የትምህርት ቤታችሁን ሩጫ ለክታችሁ መዝግቡት

ለስፖርት ክበብ ልጆች፣

በብዙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሳጥን ላይ ዋንጫዎች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ላይ የተጻፈው «አንደኛ» ብቻ ነው። ማን እንደሮጠ፣ ስንት ሜትር፣ በስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። ያሸነፈችው ልጅ ዛሬ አያት ሆና ይሆናል፤ የተማረችበት ግቢ ግን ስሟን አያውቀውም። ይህ በእናንተ ዘመን እንዲቀር እፈልጋለሁ። የሚያስፈልጋችሁ ሜትር፣ ኖራ፣ ሦስት የሩጫ መለኪያ ሰዓት (ስቶፕዎች) እና አንድ ጠንካራ መዝገብ ነው።

ከሜዳው ጀምሩ። 400 ሜትር መም (የሩጫ ዙር መንገድ) የሚይዝ ግቢ ጥቂት ነው፤ 90 ሜትር ርዝመትና 46 ሜትር ስፋት ካላችሁ ግን አራት መስመር ያለው የ200 ሜትር መም ይወጣላችኋል። ሁለት ካስማ በ42.82 ሜትር ርቀት ትከሉ። ከእያንዳንዱ ካስማ 18 ሜትር ይዛችሁ በውጪ በኩል ግማሽ ክብ አዙሩ፤ የክቦቹን ጫፎች በቀጥታ መስመር አገናኙ። የውስጠኛው መስመር ኖራ ከ18 ሜትሩ ምልክት ወደ ውስጥ ይፍሰስ፣ ወደ ውጪ አይሁን። ሯጭ የሚሮጠው ከመስመሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ዙሩ 200 የሚሆነው በ18.20 ሜትር ስሌት ነው። ቀጥታዎቹ መጣመማቸውን ለማወቅ በመካከል የተፈጠረውን አራት ማዕዘን ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ። ሁለቱም ሰያፍ 55.94 ሜትር መምጣት አለባቸው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገመዱ ነው። የናይለን ገመድ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲላላ ያጥራል፤ በሽቦ ወይም በራሱ በሜትሩ አዙሩ። ካስማውም እንዳያዘነብል አንድ ሰው ይያዘው። ከ18 ሜትሩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ብታሳጥሩ ዙሩ በ63 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ይህ በ1500 ሜትር፣ ማለትም በ7 ዙር ተኩል፣ ወደ 4.7 ሜትር ይደርሳል። በ5 ደቂቃ ለሚጨርስ ልጅ አንድ ሰከንድ ገደማ በነጻ ሰጣችሁት ማለት ነው።

እያንዳንዱ መስመር 1.22 ሜትር ይስፋ። ለ200 ሜትር መነሻው ከመጀመሪያው መስመር ወደ ፊት በሁለተኛው 7.67፣ በሦስተኛው 15.33፣ በአራተኛው 23 ሜትር ይቀድማል። ለ100 ሜትር ከመድረሻው መስመር በኋላ ማቆሚያ የሚሆን 15 ሜትር ያህል ከሌላችሁ 60 ሜትር አሩጡና «60» ብላችሁ ጻፉ። 85 ሜትር አሩጦ «100» ብሎ መመዝገብ ልጁን ራሱን መበደል ነው፤ በክልል ውድድር ላይ እውነቱን ሲያገኘው ልቡ ይሰበራል።

ሰዓት ያዦች ሦስት ይሁኑ። አስነሺው ሁለት ጣውላ ሲያጋጭ ዓይናቸው ጣውላው ላይ ይሁን፤ ድምፁን አይጠብቁ። ድምፅ 100 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ ሦስት አስረኛ ያህል ይፈጅበታል፤ በድምፅ የጀመረ ሰዓት ያዥ 12.4ን 12.1 ያደርገዋል። ሰዓቱ የሚቆመው ደረት መስመሩን ሲነካ ነው፣ እግር ወይም እጅ ሲደርስ አይደለም። ከሦስቱ መካከለኛው ይወሰዳል፤ ሁለቱ ከተስማሙ የእነሱ። ሁለት ሰዓት ብቻ ካለና ከተለያየ የሚረዝመው ይጻፋል። 12.31 ከመጣ 12.4 ነው፤ የእጅ ሰዓት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጠጋጋል።

በመዝገቡ ላይ የአያት ስም ይግባ፣ ስማቸው ከነአባታቸው የሚገጥም ልጆች በየክፍሉ አሉና። ክፍሉ፣ የሜዳው ልክ፣ የሰዓት ያዦች ስም፣ ዝናብና ነፋስ፣ ባዶ እግር ወይም ጫማ አይቅር። አሎሎ ከሆነ ክብደቱ ይጻፍ፤ ከ18 ዓመት በታች ወንዶች 5፣ ሴቶች 3 ኪሎ ነው የሚወረውሩት። የከተማችሁን ከፍታም በሽፋኑ ላይ አኑሩ። አበበ ቢቂላ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2:12:11 ጨረሰ፤ ማሞ ወልዴ ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው በ2:20:26 ነበር። ሜክሲኮ ከባሕር ወለል 2240 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። የእናንተን 5000 ሜትር ቆላ ላይ ከተሮጠ ጋር አታወዳድሩት።

ያለፈውን ስትሰበስቡ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ተጠንቀቁ። የአበበ የሮም ድል እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ሰባት ብቻ የቀነሰ ሰው 1953 ብሎ ይሳሳታል። ወሩ ሳይታወቅ ዓመት አትለውጡ፤ እንደተነገራችሁ ጽፋችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ። የቀድሞ ተማሪ ስታነጋግሩም «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብቻ አትበሉ። ዳይሬክተሩ ማን እንደነበሩ፣ ከአብዮቱ በፊት ወይስ በኋላ እንደሆነ ጠይቁ፤ የማትሪክ ውጤቱ ወረቀት ካለ ዓመቱ እዚያ አለ። ስምም ያሳስታል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ እንጦጦ ተብሏል፤ ሁለት አዛውንቶች ስለ አንድ ግቢ እያወሩ ሁለት ትምህርት ቤት ሊመስላችሁ ይችላል።

የፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ተጭኖ ፊቱን ያበላሻል። መዝገቡ ግን በእስክሪብቶ ይሁን፤ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ፣ አንድ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ የወጣውን ብቻ አትጻፉ፤ መጨረሻ የገባችውም ልጅ ከነሰዓቷ ትግባ። በቆጂ ላይ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ያሠለጠኗቸው እነ ደራርቱ፣ እነ ቀነኒሳ፣ እነ ጥሩነሽ በመጀመሪያው ቀን ከሌላው ልጅ የሚለያቸው ነገር ግንባራቸው ላይ አልተጻፈም ነበር። የዘንድሮዋ ዘጠነኛ ክፍል በመስከረም 1500 ሜትርን በ6:40 ከገባች፣ በግንቦት 6:05 ስትሆን የምታዩት የመስከረሙ ቁጥር ተጽፎ ከተገኘ ነው።